ትዝ የምትል አያት

በአማርኛ ስለ ሙት የሚነገርባቸው ግሦች ሁለት ወገን ናቸው። በአንዱ ወገን «ትዝ አለችኝ»፣ «ታወሰችኝ»፣ «ናፈቀችኝ» የሚሉት ይገኛሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ «አስታወስኳት»፣ «አሰብኳት»፣ «ዘከርኳት» የሚሉት። በመጀመሪያዎቹ የግሡ ባለቤት፣ ይኸውም በሰዋስው አነጋገር ድርጊቱን የምትፈጽመው፣ የሞተችው ሴት ናት፤ የሚያስታውሰው ሰው ግን ድርጊቱ የሚያርፍበት ተቀባይ ሆኖ በግሡ ጫፍ ላይ በአንዲት «ኝ» ብቻ ይታያል። በሁለተኞቹ ነገሩ ይገለበጥና ሕያው አድራጊ፣ ሟቿ ተደራጊ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ የልጅ ልጅ የተቆላ ቡና ሽታ ባወደው ቤት ውስጥ «እማማ ትዝ አለችኝ» ሲል፣ እርሱ ባያስበውም እንኳ ቋንቋው የሚመሰክረው አያቱ ከተቀበረች በኋላ አንድ ነገር እንዳደረገች ነው። ቤተሰብ ሟች አያቱን እንዴት በፍቅር እንደሚያስብ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከዚህ የግሥ ልዩነት ቢነሣ አይሳሳትም፤ ምክንያቱም አንዱ ከእርሷ ወደ ቤተሰቡ የሚመጣ፣ ሌላው ከቤተሰቡ ወደ እርሷ የሚሄድ ሁለት መንገድ እንዳለ ከማንኛውም ፍልስፍና አስቀድሞ የሚናገረው ይህ ነውና።

«ዘከረ» የግእዝ ግሥ ሲሆን ማሰብ፣ ማስታወስ፣ ስም ማንሣት ማለት ነው፤ ከዕብራይስጡና ከዐረብኛው አቻዎቹ ጋርም በአንድ የሴም ሥር ይገናኛል። ከእርሱ ዝክር፣ ይኸውም በጻድቅ፣ በሰማዕት ወይም በመልአክ ስም የሚደገሰው መታሰቢያ፣ ተዝካር፣ ይኸውም ለሙት ነፍስ የሚደረገው ጸሎትና ግብር፣ እንዲሁም መዘክር፣ ይኸውም የመታሰቢያ ማኖሪያ፣ ይወጣሉ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰው እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ ሲጠራው፣ የአገር መዛግብት የሚጠበቁበትን ቤትና በአንዲት ባልቴት ስም የሚጋገረውን እንጀራ አንድ ሥር እንደሚያዛምዳቸው ልብ የሚለው ጥቂት ነው። «ትዝ» የሚለው ቃል ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ብቻውን ቆሞ ትርጉም አይሰጥም፤ እንደ «ብልጭ አለ» እና እንደ «ከተፍ አለ» ሁሉ «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር ሲጣመር ብቻ ይናገራል፤ የሚናገረውም ሳይጠሩት የሚመጣን ነገር ነው። አርስቶትል ስለ ማስታወስ በጻፈው አጭር ድርሳኑ በነፍስ ላይ የሚደርሰውን፣ ነፍስ የምትቀበለውን ትዝታ፣ ሰው እየፈለገና እየተከታተለ ከሚደርስበት መልሶ ማሰብ ለይቶ ነበር። አማርኛ ይኸንኑ ልዩነት በድርሳን ሳይሆን በዕለት ንግግር ይዞታል፤ ያውም አንድ ነገር ጨምሮበት፣ ይኸውም በነፍስ ላይ የሚደርሰውን ነገር የምታደርሰው ማን እንደ ሆነች በግሡ ባለቤትነት አመልክቶ።

ትዝታ ሳይጠራ ይመጣል፤ ተዝካር ግን ቀን አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሙት የሚታሰብባቸው ቀናት ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት ናቸው፤ ከእነዚህም አርባው በብዛት ትልቁ ድግስ የሚደገስበት ነው። ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ይኸውም ነፍስ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ የሚጸለየውን ጸሎት፤ ጠበል ጻዲቁ ይቀርባል፤ ድኻ ይበላል፤ ዘመድ ከየአገሩ ይሰበሰባል። ሥርዓቱ ለወጪ የሚዳርግ መሆኑ ብዙ ጊዜ ተነቅፏል፤ ተበድሮ ተዝካር ያወጣ ቤተሰብ ከኀዘኑ በኋላ በዕዳ ሲማቅቅ የታየበት ጊዜ ጥቂት ባለመሆኑ ነቀፋው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ነቃፊዎቹ የቀኖቹን አቀማመጥ ብዙም አላጤኑትም። ቀኖቹ በመጀመሪያ ይቀራረባሉ፣ ኋላ ይራራቃሉ፤ ከሦስት ቀን ወደ ሰባት፣ ከአርባ ወደ ሰማንያ፣ ከመንፈቅ ወደ ዓመት፣ ከዚያም በአንድ እርምጃ ወደ ሰባት ዓመት ይዘልላሉ። ኀዘን እንዲህ ነው የሚራመደው፤ ሥርዓቱም ኀዘኑን አያስቸኩለውም፣ አያዘገየውምም፣ እርምጃውን ተከትሎ መቀመጫ ያዘጋጅለታል እንጂ።

ተዝካርን የምትናፍቅ እናት በሌላ አገርና በሌላ ዘመንም ትገኛለች። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል እናቱ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በኦስትያ ወደብ እንዴት እንደ ሞተች ይተርካል። ቀድሞ በአፍሪካ ምድር ከባሏ አጠገብ ለመቀበር አጥብቃ ትመኝ የነበረችው ሴት በመጨረሻዋ ሰዓት ሥጋዋ የትም ቢያርፍ ግድ እንደሌላት፣ ልጆቿን የምትለምናቸው ግን ባሉበት ሁሉ በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ብቻ እንደ ሆነ ተናገረች። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዐሥረኛው ክፍል የማስታወስ ኃይል ምን እንደ ሆነ የሚመረምረው ታላቁ ሐተታ ነው። አውግስጢኖስ ይህን ቅደም ተከተል በምን ምክንያት እንደ መረጠ ሊቃውንት ብዙ ቢከራከሩበትም፣ እናቱን የቀበረ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው መሆኑን ለመረዳት ሊቅነት አያስፈልግም።

በተዝካር ላይ አንድ ትንሽ ነገር ይደርሳል፣ ይኸውም ካህኑ የሟቿን የክርስትና ስም የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። የክርስትና ስም ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የምትቀበለው፣ በጸሎትና በቍርባን ካልሆነ በቀር በአደባባይ የማይነሣ ስም ነው። ጥያቄው ሲመጣ የልጅ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በጉልበቷ ላይ ያደጉ፣ ምርቃቷን ቃል በቃል የሚያውቁ፣ የጥርሷን ብዛት እንኳ መቍጠር የሚችሉ ሰዎች ይህን አንድ ስም አያውቁትም፤ የሚያውቀው ወይ አንድ ያረጀ ወንድሟ ነው፣ ወይ የንስሐ አባቷ። እንዲያውም አንዲት አያት ብዙ ስም አላት፦ ወላጆቿ ያወጡላት ስም፣ በአንዳንድ አካባቢ ለምራቷ አማት የምታወጣው ስም፣ በእርጅናዋ ቆብ ደፍታ እንደ ሆነ የምንኵስና ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እማማ» ወይም «እቴቴ» ወይም «እምዬ» የሚለው፣ አንድ ሕፃን አፉን ሲፈታ ያወጣላትና ቤተሰቡ ሁሉ የተቀበለው ስም። ጎረቤት ስለ እርሷ ሲያወራ «እሳቸው» ይላል፤ የልጅ ልጇ ግን «አንቺ» እያለ አድጓልና «እሷ» ይላል። በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ «እሳቸው» እና «እሷ» ጎን ለጎን ሲነገሩ የሰማ እንግዳ የሞቱት ሁለት ሴቶች ሊመስሉት ይችላሉ፤ ከእውነትም ብዙ አልራቀም።

ምክንያቱም ቤተሰብ አንዲትን አያት አንድ ሆኖ አያስታውሳትም። የልጆቿ እናትና የልጅ ልጆቿ አያት በአንድ ሥጋ የኖሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ልጆቿ ያወቋት በሥራና በችግር ዘመኗ ነው፤ ውኃ ከወንዝ ስትቀዳ፣ ጎሕ ሳይቀድ እህል ስትፈጭ፣ የጎደለውን ለአባታቸው ሳይነግሩ እንዲሸፍኑ ስታስጠነቅቅ፣ በአለንጋም ስትቀጣ። የልጅ ልጆቹ የደረሱት ሥራ ከለቀቃት በኋላ ነው፤ እጇ እንዝርት ከመያዝና ከማሻሸት በቀር ሌላ ግዴታ ሳይኖርበት፣ በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረቻትን ሳንቲም ለከረሜላ ስትፈታ። «የአያት ልጅ» የሚለው አነጋገር፣ ይኸውም ተሞላቅቆ ያደገ፣ ቍጣ የማያውቅ ልጅ ማለት፣ የመጣው ከዚህ ነው። ትልቋ ልጇ ይህን ሁሉ ርኅራኄ ለልጆቿ ሲደረግ አይታ «እኛን እንዲህ አላሳደገችንም» ስትል የምትናገረው ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ እናቷ በእርሷ ላይ ልታወጣው አቅም ያጣችበትን ፍቅር ኋላ በልጇ ላይ ስትከፍል ማየቷን ነው፤ በዚህ ዕዳ ደግሞ የምትደሰት እንጂ የምታዝን ብዙ ጊዜ አትገኝም።

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ሞሪስ አልብዋክስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው የሚያስታውሰው ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋር በሚጋራው ማዕቀፍ፣ ይኸውም በቋንቋ፣ በቦታ፣ በዘመድና በዘመን አቈጣጠር ውስጥ እንደ ሆነ አስተማረ፤ አያቶች ወላጆች የማይደርሱበትን ያለፈ ዘመን ልማድና መንፈስ በቀጥታ ወደ ልጅ የሚያደርሱ መሆናቸውንም ኋላ በጻፈው ላይ በልዩ ትኩረት ተመልክቷል። ይህ የመታሰቢያ ሊቅ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 በቡኸንቫልድ የናዚ ማጎሪያ ሞተ። የእርሱን አሳብ የሀገራችን አያቶች የዕድሜ አቈጣጠር በሚገባ ያስረዳዋል። ብዙዎቹ የልደት ዓመታቸውን በቍጥር አያውቁትም ነበር፤ «ጣልያን ሲገባ መቀነት ለመታጠቅ ደርሼ ነበር»፣ «ንጉሡ ሲመለሱ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ» እያሉ፣ የ1928ን ወረራና የ1933ን ድል የገዛ ማሕፀናቸው ቀን መቍጠሪያ ያደርጓቸው ነበር። የልጅ ልጅ የታሪክ መጽሐፍ ሲከፍት ዓመተ ምሕረቱን ያገኘዋል፤ በዚያ ዓመት ግን እርሱ የሚያስበው ነፍሰ ጡር ሴት በመንገድ ላይ ስትሮጥ ነው፤ የአገሩን ታሪክ ከዚያ በኋላ ያለ እርሷ ሊያነበው አይችልም።

ማዕቀፉ ግን ይዞ ማስቀረት ብቻ ሳይሆን ይለውጣልም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው መጽሐፉ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ፣ ከጊዜ በኋላ ሲያስደግማቸው እንግዳ የሆነባቸውን እየጣሉ የለመዱትን እየተኩ እንዳወሩት አሳየ፤ ማስታወስ ከሣጥን አውጥቶ ማሳየት ሳይሆን እንደ ገና መሥራት ነው ማለቱ ነበር። በለቅሶ ቤት የሚሆነውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ስለ አያቲቱ የሚነገሩት ነገሮች ተበታትነው፣ ተቃርነው፣ አንዳንዶቹም ከበድ ብለው ይሰማሉ፤ እስከ አርባው ድረስ ግን ተመርጠው፣ ሰልተው፣ ተራኪያቸውም ተለይቶ ይታወቃል፤ የትኛውን ወሬ የትኛው አጎት እንደሚያወራው፣ ሳቁም የት ላይ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ሙሾ አውራጇ፣ ይኸውም በዜማና በግጥም ሟችን እያነሣች ለቀስተኛን የምታስለቅሰው ሴት፣ የመጀመሪያዋ አርታኢ ነበረች፤ የደግነቷን ታነሣለች፣ የሙያዋን ታነሣለች፣ ሌላውን ትተወዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ባህሉ «ሙት ወቃሽ» መሆንን ይጠየፋል፤ ከመቃብር በታች ያለ ሰው መልስ ሊሰጥ አይችልምና የፍትሕ ስሜት አለበት። ሆኖም ከአማቷ ጋር በአንድ ጓሮ ሃያ ዓመት የኖረች ምራት የምታውቀው ነገር አለ፤ ያጣችው ዕረፍት፣ ያልተመሰገነ ወጥ፣ በእንግዳ ፊት የተነገራት ቃል። በተዝካሩ ቀን ከማንም ይልቅ ጉድ ጉድ የምትለው፣ ከጓዳ የማትወጣውም እርሷ ናት። የፍቅር ትዝታ ይህችን ሴት ዝም ካሰኛት ትዝታ መሆኑ ቀርቶ ሐውልት ይሆናል። ደግነቱ ብዙ ቤተሰብ፣ ብዙ ነገር ሳይናገር፣ ለዚህ መውጫ አለው፤ ከዓመታት በኋላ ምራቲቱ በገዛ ልጇ ሚስት ፊት «የእኔዋ አማት ብትሆን…» ብላ ትጀምርና መሐል ላይ ትስቃለች፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ክሱም ይቅርታውም አንድ ላይ ይገኛሉ። አያቲቱ ሙሉ ሰው ሆና የምትቀረው የልጅ ልጁ ከረሜላና የምራቲቱ ሳቅ ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። እነዚህን አስታርቆ አንዲት ወጥ ሴት ለማውጣት የሚቸኩል ቤተሰብ ሁለቱንም ያጣል።

አያትን ማስታወስ ከፍቅር በቀር ሌላ ጥቅም የነበረበት ዘመንም ነበር። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሰፊው በነበረው የርስት ሥርዓት፣ ይኸውም መሬትን መጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለድ በሚገኝ መብት፣ ሰው ድርሻውን የሚጠይቀው ትውልዱን ወደ ላይ ቈጥሮ ነበር፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያለ እስከ አቅኚው ድረስ። ቈጠራው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄድ ነበርና አንዲት አያት የሁለት አገር መሬት የሚገናኝባት ቋጠሮ ልትሆን ትችል ነበር። አለን ሆበን ስለ ጎጃም ዳሞት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ ይህን በዝርዝር አሳይቷል። የእርሷን ስምና የወንድሞቿን ቍጥር በደንብ የያዘ ሽማግሌ በዳኛ ፊት ይረታ ነበር፤ መርሳት መሬት ያስነጥቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ይህ ሁሉ ቀረ። አዋጁ ስለ ጭሰኛውና ስለ ባላባቱ ብዙ ተብሎበታል፤ ስለ አያቶች ግን እምብዛም አልተባለም። ከዚያን ቀን በኋላ የአያትን አያት ስም የሚያውቅ ሰው በማወቁ አንዲት ጥማድ አያገኝም። የዘር ቈጠራው ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤት እያጠረ ሄዷል፤ ዛሬ ምንዥላቱን በስም የሚጠራ ወጣት ብርቅ ነው። የቀረው ግን ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ አሁን አያቱን የሚያነሣ ሰው ምንም ሳያተርፍባት ያነሣታልና።

ስደት ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዝታ ፈጥሯል። በዋሽንግተን፣ በቤይሩት ወይም በሮም የሚኖር የልጅ ልጅ የአያቱን ሞት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ መርዶ፣ ይኸውም የሞት ወሬ ለቅርብ ዘመድ የሚነገርበት ሥርዓት፣ ባለበት አገር ያሉ ወዳጆች ተጠርተው፣ ተመካክረው፣ ማለዳ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ ይቆየዋል። እርሱ አያቱ ስትደክም አላየም፤ አፈርም አላለበሰም። ለእርሱ እርሷ በተለያዩበት ቀን በደጃፉ ላይ እንደ ቆመች፣ ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ፣ መኪናው እስኪታጠፍ ትመለከታለች። አልጋዋን የጠበቁት የአጎቱ ልጆች ደግሞ የሚያስታውሷት የመጨረሻዎቹን ወራት ነው። በስልክ ሲያወሩ አንዳቸው ስለ ደጃፍ፣ ሌላቸው ስለ አልጋ ይናገራሉ፤ የሚለያያቸው ውቅያኖስ ብቻ አይደለም። በመካከላቸው የምትዘዋወረው ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣችው፣ ለለቅሶው እንዲሆን የጎላችው ናት፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዐይኗን አፍጥጣ፣ በሕይወቷ ለማንም አሳይታ በማታውቀው ፊት። ያላዩዋት የልጅ ልጆች ይህን ፊት ይወርሳሉ፤ ያዩዋት ደግሞ «እንዲህ አልነበረችም» ማለታቸውን አይተዉም።

ኬንያዊው የሥነ መለኮት ሊቅ ጆን ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው መጽሐፉ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች አስተሳሰብ የሞተ ሰው በአካል ያወቀውና በስሙ የሚያነሣው አንድ ሰው እስካለ ድረስ «ሕያው ሙት» እንደ ሆነ፣ የመጨረሻው አስታዋሽ ሲሞት ግን ወደ ሩቁ ዘመን እንደሚያልፍ ጽፏል። የክርስቲያኑ አማርኛ ተናጋሪ እምነት በዚህ አይስማማም፤ «ነፍስ ይማር» የሚል ሰው የሟቿን ዕጣ ለገዛ ትዝታው አይተውም፣ ለማይረሳው ያስረክባል እንጂ፤ ቤተሰቡ የማያውቀው ያ የክርስትና ስም በዚያ ዘንድ የታወቀ ነው። ምቢቲ ያየው ድንበር ግን በቋንቋውም ውስጥ አለ። አያቱን ያወቀ ሰው «እማማ እንዲህ ትል ነበር» ይላል፤ ያላወቃት ልጁ «እንዲህ ትል ነበር አሉ» ይላል። በዚህች «አሉ» ላይ አያቲቱ የግሥ ባለቤት መሆኗን ትታ የሌሎች ወሬ ትሆናለች፤ ከእንግዲህ ትነገራለች እንጂ ትዝ አትልም።

ይሁንና እጅ «አሉ» አያውቅም። ሙያዋ የተነገረላት አያት ጨውን በመዳፏ መጥና፣ በርበሬውን በሽታ ለይታ፣ ሽሮውን ስታማስል አጠገቧ የነበረችውን ልጅ «በዐይንሽ እዪ» ከማለት በቀር መጠን ነግራት አታውቅም ነበር። ልጅቱ አየች፤ ኋላም የእርሷ ልጅ አየች። ዛሬ በሩቅ አገር ጓዳ ውስጥ አንዲት ወጣት ሽሮዋን አማስላ ስትጨርስ ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ለምን ሁለት ጊዜ እንደ ሆነ ብትጠየቅ አታውቀውም። አጠገቧ በርጩማ ላይ ቆሞ የሚያያት ልጅ ግን ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ሳህኑን ይዘረጋል።